የጨው ሂሳብ

ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፣ ውሃ መሥሪያ ቤት፤
የቤቱን ቁጥር እንጂ አላውቅ የባለቤት።
ከማራኪ ሰፈር እስከ አራዳ ድረስ
የሰው ቁጥር ለቅሜ ማታ ቤት ስመለስ፣
የማላነበው ቁጥር የራሴ ኪስ ነበር፣
ወሩ አሥር ሳይሞላው የሚተን፣ የሚበር።

በኅዳር መባቻ፣ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣
ናሁሰናይ ጽፎ ግማሹን የጣለ
ባለ ካሬ ደብተር አነሳሁ ከጥግ፤
አሰመርኩ በሻማ፣ እንደ ሕግ፣ እንደ ወግ።
የቤት ኪራይ ይህን፣ ጤፍ ይህን፣ ዘይት ይህን፣
የመብራት ካርዱን፣ የልጁን ደብተሩን፣
የጀሪካን ውሃም (እባካችሁ አትሳቁ፣
የቧንቧ ሰው ቤትም ቧንቧዎች ደረቁ)።
ሁሉም ተቀናንሶ ቀረኝ አራት መቶ፤
ያን ሌት እንደ ሀብታም ተኛሁ ልቤ ረክቶ።

ዕድሜው ግን አጭር ነው፣ አሥራ አንድ ቀን ኖረ፤
አዘዞ አጎቴ ሞቶ ድንኳን ተወጠረ፣
ጎረቤት ተነስቶ ክርስትና ጠራን፣
የልጁ ጫማ አፉን ከፍቶ እያየ አስፈራን።
ደብተር ላይ ያለ ሰው አይሞት፣ አይወለድ፤
ጫማውም አያልቅም ቢሄድ፣ ቢሄድ፣ ቢሄድ።

በታኅሣሥ ግን ብዬ ጠበቅ አረግኩት፤
ስኳር ሰረዝኩበት፣ ባጃጅ ሰረዝኩበት፣
ሳቅም ቢሸጥ ኖሮ እሰርዘው ነበር።
ማንጠግቦሽ መኪናዋን ስታሽከረክር
ቀና ብላ አየችኝ፤ አላለችም ነገር።

ከዚያ የአስቤዛዋን ዝርዝር ሳገላብጥ፣
እንደ ሥራ ልማዴ ቁጥር ለይቼ ስመርጥ፣
«ጨው፦ ስድስት መቶ» ይላል። የኅዳሩም እንዲያው።
«ምነው ማንጠግቦሽ፣ ምን ጉድ ነው ያመጣው?
ከብት የለን፣ በግ የለን፣ ማነው የላሰው ጨው?»

መርፌዋን ጨርቁ ላይ እንደሰካች ቆየች።
«እህትህ ቆላድባ ወገቧን ታማለች፤
'ለወንድሜ አትንገሪ፣ ይጨነቃል' አለች።
ኩራቷን ታውቃለህ። ስም ፈለግሁ ላስገባው፤
ጨውን ማን ይመረምር? ጨው ብዬ ጻፍኩት ያው።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፣ ምላሴ ግን የለም፤
«የጫማ ቀለም» ያልኩት አይደለም ቀለም፤
ቅዳሜ ከእንየው ጋር ብርሌ ጠጅ ነበር፤
ጫማዬማ ሲታይ የስድስት ወር አፈር።

ነገርኳት።
ሳቀች። ማንጠግቦሽ ስትስቅ
ትከሻዋ ነው የሚስቀው።
ሻማውን አቀረብን፣ ደብተሩን እንደገና።

ጨውን ጨው አልነው፣ ሃያ ብር ብቻ፤
እህቴን በስሟ፣ ከሁሉም በላይ፣ በወር መባቻ።
ጠጅንም ጠጅ ብለን፣ በወር ሁለት ቅዳሜ
(አራት ነበር፤ ሁለቱን ቆረጥኩ በገዛ አቅሜ)።
ለቅሶና ክርስትናም ቤት ተሠራላቸው፤
ቀናቸው ባይታወቅ፣ አይቀርም መምጣታቸው።
ናሁሰናይ ከብርድ ልብሱ ብቅ ብሎ
«የኔ ኳስስ?» አለን፣ የተኛ መስሎ አታሎ።
ኳስን በሦስት ወር ከፋፍለን አስገባን፤
«ይፈረምልኝ» ሲል እኛን ግራ ገባን።
ለጥምቀት እንግዳም፣ ከተማው ሲሞላ፣
ሦስት ፍራሽ ወለል ላይ፣ ስምንት ሰው ሲበላ፣
አንድ ቁና ጤፍ ከወዲሁ ጎን አልን።
ቀሪው ተደመረ፤ ዜሮ ነው። ዜሮ አልን።
ከዚያ ከአራት መቶው፣ ከውሸታሙ ትርፍ፣
ይሄ ዜሮ ይሻላል፤ ያስተኛል፣ ያሳርፍ።

ጥር ሠላሳ ማታ ጣሳውን ገልብጠን
አሥራ ሰባት ብር አገኘን። ሁለቴ ቆጠርን።
ሀብት አይባልም፤ ግን ለወጣው ለገባው
መንገዱን እናውቃለን፣ ሁሉም ስም አለው።

የየካቲቱን ገጽ ልጽፍ ስከፍት ግን
አንድ መስመር ቀድሞኛል፣ በእሷ እጅ፣ በእርሳስ፦
«የጫማ ቀለም፦ አርባ ብር።
የእውነቱን።»